ኢኮኖሚክስ ለማጥናት ከተቀበሏችሁ ኮሌጆች አንዱን የመምረጫ መንገድ

የአሜሪካ ኮሌጆች መልስ በብዛት የሚደርሰው በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ ነው። አብዛኞቹ ደግሞ ውሳኔያችሁን የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 (ሚያዝያ 23) ነው። ሦስት አራት ቦታ የተቀበሉት ተማሪ እጁ ላይ አራት ሳምንት ገደማ አለ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በስም ላይ ይሆናል፤ ዘመድ የሰማው ኮሌጅና ዘመድ ያልሰማው ኮሌጅ። ለኢኮኖሚክስ ተማሪ ግን መልስ የሚሹት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ አራቱ ዓመት በእርግጥ ስንት ያስወጣል? እዚያ ቤት ኢኮኖሚክስ ሲሉስ ምን ማለታቸው ነው? ሁለተኛው እንግዳ ቢመስልም በአንድ ስም የሚጠሩ በጣም የተለያዩ ትምህርቶች አሉ። ከታች እንመጣበታለን።

1. የእርዳታ ደብዳቤዎቹን በአንድ መለኪያ ጻፏቸው

ኮሌጆች የፋይናንሻል ኤይድ ደብዳቤ የሚጽፉት እያንዳንዳቸው በራሳቸው መልክ ነው። ጎን ለጎን ቢቀመጡ አይነጻጸሩም። ስለዚህ ኤክሴል ክፈቱ ወይም ወረቀት አስምሩ፤ ለእያንዳንዱ ኮሌጅ አንድ መስመር ስጡና እነዚህን ለይታችሁ አስገቡ፦ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ (ትምህርት፣ ክፍያዎች፣ መኝታ፣ ምግብ፣ መጽሐፍ፣ ጉዞ)፣ የማይመለስ ገንዘብ (ግራንትና ስኮላርሺፕ)፣ ብድር፣ ወርክ ስተዲ። የምትፈልጉት ቁጥር ጠቅላላው ወጪ ሲቀነስ የማይመለሰው ገንዘብ ብቻ ነው። ብድርና ወርክ ስተዲ አይቀነሱም።

ለምን እንደሆነ በምሳሌ እንይ። ኮሌጅ «ለ» የግል ነው፤ የዓመቱ ወጪ 86,000 ዶላር ነው እንበል። ደብዳቤው «70,000 ዶላር እርዳታ አግኝታችኋል፣ የሚቀራችሁ 16,000 ነው» ይላል። ዘርዝሩት፦ 62,000 ግራንት፣ 5,500 የፌዴራል ብድር፣ 2,500 ወርክ ስተዲ። ብድሩ ከነወለዱ የሚመለስ የእናንተው ዕዳ ነው። ወርክ ስተዲው ደግሞ ሥራ አግኝታችሁ ሰዓት ከሠራችሁ በኋላ በቼክ የሚከፈል ደመወዝ ስለሆነ በኦገስት የሚመጣውን ቢል አይከፍልላችሁም። እውነተኛው ቁጥር 24,000 ነው። ኮሌጅ «ሀ» በምትኖሩበት ስቴት ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ወጪው 31,000፣ ግራንቱ 11,000፣ የሚቀረው 20,000። ደብዳቤዎቹ ላይ «ለ» የሚረክስ ይመስል ነበር፤ ሲጣራ ግን «ሀ» በ4,000 ይቀንሳል።

አሁን አራት ዓመት አድርጉት። ዋጋው በየዓመቱ 4 በመቶ ቢጨምርና ግራንቱ ባለበት ቢቆም፣ «ለ» 24,000፣ 27,440፣ 31,018 እና 34,738 ይሆናል፤ ድምሩ 117,196። «ሀ» በዚያው ስሌት 87,641 ነው። በመጀመሪያው ዓመት የ4,000 ልዩነት የነበረው በአራት ዓመት 29,555 ሆነ። ምክንያቱ ጭማሪው የሚሰላው በትልቁ ዋጋ ላይ፣ የሚቆመው ደግሞ ግራንቱ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ይህን በኢሜይል ጠይቁ፦ «ዋጋ ሲጨምር ግራንቱ አብሮ ያድጋል ወይስ በዶላር የተቆረጠ ነው?» በቤተሰብ አቅም ላይ የተመሠረተ እርዳታ በብዙ ቦታ በየዓመቱ እንደገና ይሰላል፤ በውጤት የተሰጠ ሜሪት ስኮላርሺፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ በተቆረጠ ዶላር ይቆማል።

ደብዳቤው ላይ በደንብ የማይታዩ ወጪዎችም አሉ። ዋናው የተማሪ የጤና ኢንሹራንስ ነው። ብዙ ኮሌጆች በራሳቸው ቢሉ ላይ ይጭኑታል፤ በዓመት ከ2,000 ዶላር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። በወላጅ ኢንሹራንስ የተሸፈነ ተማሪ ማስነሻ ቅጽ ሞልቶ ያነሳዋል፣ ቅጹ ግን የመጨረሻ ቀን አለው። ቀኑ ካለፈ ገንዘቡ ሄደ።

2. ብድሩን በወርሃዊ ክፍያ አስቡት

በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችለው በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 7,500 ነው፤ በአራት ዓመት 27,000። በ2025–26 የነበረው ወለድ 6.39 በመቶ ነው። በዚህ ወለድ 27,000 በአሥር ዓመት ሲከፈል በወር ወደ 305 ዶላር ይመጣል። ጀማሪ ደመወዝ ያለው ተመራቂ ይህን ይችለዋል። ከዚህ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ዕዳው በወላጅ ስም (ፓረንት ፕላስ) ወይም በግል ባንክ ይሆናል፤ እዚያ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ፓረንት ፕላስ ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ገደብ ተደርጎበታል። ስለዚህ «ቀሪውን በፕላስ እንሞላዋለን» የሚለው የድሮ ምክር ለውድ ኮሌጅ አራት ዓመት ላያደርስ ይችላል። ተማሪው በሦስተኛው ዓመት ገንዘብ አጥሮት ካቋረጠ ዕዳው ይቀራል፣ ዲግሪው ግን የለም። ከሁሉ የከፋው ውጤት ይህ ነው።

3. ይግባኝ በሉ

የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጨረሻ ቃል አይደለም። በኤፕሪል የመጀመሪያ ሳምንት ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ደብዳቤ ጻፉ፤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ ማስረጃ ይያያዝበት። የሚሠሩት ምክንያቶች ፋፍሳ (የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ) ገቢያችሁን ከወሰደበት ዓመት በኋላ የተለወጡ ነገሮች ናቸው፦ ሥራ መልቀቅ፣ የሰዓት መቀነስ፣ ሕመም፣ ፍቺ። ተመሳሳይ ደረጃ ያለው ሌላ ኮሌጅ የተሻለ ከሰጠ ደብዳቤውን አያይዙት። «ኮሌጃችሁን በጣም እንወደዋለን» የሚለው ብቻውን ገንዘብ አያመጣም፤ «በዓመት 5,000 ቢጨመር በእርግጠኝነት እንመጣለን» የሚለው ግልጽ ጥያቄ ነው፣ መልስም ይጠይቃል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ሁለት ነገር ልብ ይባል። አንደኛ፣ ወደ ኢትዮጵያ ለአያት፣ ለእህት ወንድም የሚላክ ገንዘብ በፋፍሳ ቀመር ውስጥ ቦታ የለውም። ልዩ ሁኔታ ብለው የሚያዩ ቢሮዎች ግን አሉ፤ ይህም የሚሆነው የ12 ወር የሃዋላ ደረሰኝ ሲቀርብ ነው፣ በቃል የተነገረ አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ ከ2024–25 ጀምሮ ፋፍሳ በአንድ ጊዜ ሁለት ልጅ ኮሌጅ መኖሩን ለስሌቱ አይጠቀምበትም። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ተጨማሪ የእርዳታ ማመልከቻ የሚያስሞሉ የግል ኮሌጆች ግን ብዙዎቹ አሁንም ያዩታል። ታላቅ ወይም ታናሽ ኮሌጅ ያለ ከሆነ ይህን በደብዳቤው በግልጽ ጻፉት።

ከማኅበር፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከድርጅት የተገኘ የውጭ ስኮላርሺፕ ሲኖር ኮሌጁ የራሱን ግራንት በዚያው ልክ ሊቀንስ ይችላል። ጥያቄው ቀላል ነው፦ «የውጭ ስኮላርሺፕ መጀመሪያ የሚቀንሰው ብድሩን ነው ወይስ ግራንቱን?» ሜሪላንድ በ2017 የመንግሥት ኮሌጆቿ ይህን እንዳያደርጉ በሕግ ገድባለች፤ በሌላ ስቴት ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

የሜሪት ስኮላርሺፕ ቅድመ ሁኔታም አለው። 3.0 ወይም 3.5 ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ጠብቁ ይላል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት እዚህ ላይ ነው፤ የኢኮኖሚክስ መካከለኛ ኮርሶችና ካልኩለስ በብዙ ቦታ ውጤታቸው ጠበቅ ያለ ነው። 3.5 የሚጠይቅ 20,000 ዶላር፣ 3.0 ከሚጠይቅ 16,000 ያነሰ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ለአንድ ሴሚስተር ቢወርድ ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ ወይስ ወዲያው ይቆርጣሉ? ይህንንም ጠይቁ።

የስቴት ነዋሪነት ዋጋ የሚወሰነው በአብዛኛው ወላጆች በሚኖሩበት ቦታ ነው፣ ስቴቶችም ብዙውን ጊዜ 12 ወር ይጠይቃሉ። «አጎቱ ቨርጂኒያ ነው፣ በእሱ አድራሻ ይመዝገብ» የሚለው አይሠራም፤ ከተገኘ ደግሞ ልዩነቱን ወደ ኋላ ያስከፍላሉ። ሚኔሶታ የምትኖሩ ከሆነ ኖርዝ ስታር ፕሮሚስን ሳታዩ አትወስኑ። ከ2024 መጸው ጀምሮ የቤተሰብ ገቢው ከ80,000 ዶላር በታች ለሆነ ነዋሪ በስቴቱ የመንግሥት ኮሌጆች ከሌላ ግራንት የቀረውን የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል። መኝታና ምግብን አይጨምርም።

4. የትኛው ኢኮኖሚክስ?

እዚህ ላይ ረዘም ብለን እንቆይ፤ ቤተሰብ የማያየው፣ ተማሪውም ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ይህ ስለሆነ።

የኢኮኖሚክስ ሜጀር (ዋና የትምህርት መስክ) አጽም በየትም አንድ ይመስላል፦ የመግቢያ ማይክሮ (የግለሰብና የድርጅት ውሳኔ) እና ማክሮ (የአገር ኢኮኖሚ)፣ መካከለኛ ማይክሮና ማክሮ፣ ስታትስቲክስ፣ ኢኮኖሜትሪክስ (ኢኮኖሚን በዳታና በስታትስቲክስ መመርመር)፣ ከዚያ አምስት ገደማ ምርጫ ኮርሶች። ልዩነቱ በሒሳቡ ነው። ሦስት ነገር ፈትሹ።

የመካከለኛ ማይክሮን ሲለበስ (የኮርሱን ዝርዝር መርሐ ግብር) ከዲፓርትመንቱ ድረ ገጽ አውርዱ። ካልኩለስ ቅድመ ሁኔታ ነው? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፓርሻል ዴሪቬቲቭና ላግራንዥ የሚባሉት የካልኩለስ ዘዴዎች አሉበት? ካሉበት፣ በቁጥር የሚያሠራ ዲፓርትመንት ነው። በግራፍና በአልጀብራ ብቻ ከሆነ ትምህርቱ ለፖሊሲ፣ ለሕግ ትምህርት ቤት፣ ለአጠቃላይ ሥራ ይጠቅማል፣ ለፒኤችዲ ወይም ለዳታ ሥራ ግን ክፍተቱን ራሳችሁ ትሞላላችሁ።

ቀጥሎ ኢኮኖሜትሪክስ። ግዴታ ነው ወይስ ምርጫ? አንድ ሴሚስተር ነው ወይስ ሁለት? ተማሪዎች በእርግጥ ዳታ ይዘው በስታታ፣ በአር ወይም በፓይተን በሚባሉት የኮምፒውተር መሣሪያዎች ይሠራሉ? ቀጣሪ የኢኮኖሚክስ ተመራቂን ከሌላው የሚለይበት አንድ ኮርስ ካለ ይህ ነው።

ሦስተኛው በእርግጥ የሚሰጡት ኮርሶች ናቸው። ካታሎግ ላይ አርባ ኮርስ ሊዘረዘር ይችላል፤ ግን ሜኑ ላይ ክትፎ ተጽፎ አስተናጋጁ «ዛሬ የለም» እንደሚለው ቤት ሊሆን ይችላል። ያለፉትን ሁለት ሴሚስተሮች የክፍል መርሐ ግብር ክፈቱ፤ ለሁሉም ሰው ክፍት የሚያደርጉ ኮሌጆች ብዙ ናቸው። የልማት ኢኮኖሚክስ፣ የሠራተኛ ገበያ፣ የገንዘብና ባንክ፣ ጌም ቲዎሪ ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ተሰጠ? ስንት ወንበር ነበረው? ሞልቶ ወረፋ የያዘውስ ስንት ነበር? መካከለኛ ማይክሮ 200 ሰው አዳራሽ ውስጥ ነው ወይስ 30 ሰው? ኮሌጆች በየዓመቱ የሚያወጡት ኮመን ዳታ ሴት የክፍል መጠን ሠንጠረዥ አለው፤ ግን እሱ የኮሌጁ አጠቃላይ ስለሆነ፣ የዲፓርትመንቱን ከመርሐ ግብሩ ታገኛላችሁ።

ፒኤችዲ የሚያስብ ተማሪ ካልኩለስ እስከ ሦስተኛው፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲና ሪል አናሊሲስ ያስፈልገዋል። እነዚህ የሚሰጡት በሒሳብ ዲፓርትመንት ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ኮሌጅ ስትመርጡ ሪል አናሊሲስ በየዓመቱ ይሰጥ እንደሆነ እዩ። ሁለት ዓመት ጠብቆ የሚመጣ ኮርስ ከምረቃ ጋር ይጋጫል።

የአስተሳሰብ ዘርፍም አለ። ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በነፃ ገበያና በፐብሊክ ቾይስ (ፖለቲካን በኢኮኖሚክስ ዘዴ የሚመረምር) ትምህርት ይታወቃል፤ ጄምስ ቡካነን (1986) እና ቨርነን ስሚዝ (2002) የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ እዚያው ነበሩ። ዩማስ አምኸርስት (የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ) በተቃራኒው የማርክሲስትና የሌሎች ከዋናው ወንዝ ውጭ ያሉ አስተሳሰቦች ማዕከል ነው። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በጥቁሮች ታሪካዊ ኮሌጆች ዘንድ የኢኮኖሚክስ ፒኤችዲ ያለው ነው። ማናቸውም ለመጀመሪያ ዲግሪ መጥፎ ምርጫ አይደሉም፤ ስትገቡ ግን የምትገቡበትን እወቁ።

5. በሩ በእርግጥ ክፍት ነው?

ኮሌጁ ተቀበላችሁ ማለት ኢኮኖሚክስ ዲፓርትመንቱ ተቀበላችሁ ማለት ላይሆን ይችላል። አንዳንድ ትልልቅ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች መጀመሪያ «ፕሪ ኢኮኖሚክስ» ያደርጓችሁና የመግቢያ ኮርሶችና የካልኩለስ ውጤታችሁ ከተወሰነ ጂፒኤ ካላለፈ አያስገቡም። ደብዳቤያችሁ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው፤ ሜጀሩ ወይስ «ያልተወሰነ»? ለአማካሪው ቢሮ ጻፉና ካለፈው ዓመት አመልካቾች ስንቶቹ ገቡ ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥር ሳይሰጡ «አብዛኞቹ» ካሉ እንደገና ጠይቁ።

የቢዝነስ ትምህርት ቤት መኖርም ነገሩን ይለውጣል። የመጀመሪያ ዲግሪ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ባለበት ዩኒቨርሲቲ ባንኮችና አማካሪ ድርጅቶች ግቢ ሲመጡ አስቀድመው የሚያዩት የቢዝነስ ተማሪዎችን ነው፤ የሥራ አፈላላጊ ቢሮውም ለእነሱ የተለየ ይሆናል። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በሌለበት፣ ለምሳሌ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ወይም በብዙ የሊበራል አርት ኮሌጆች፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪ የፋይናንስ ዋና መንገድ ነው። ፋይናንስ የሚፈልግ ተማሪ «የኢኮኖሚክስ ተማሪ የቢዝነስ ትምህርት ቤቱን የሥራ ፖርታል መጠቀም ይችላል?» ብሎ ይጠይቅ። አንዲት ጥያቄ ናት፣ መልሷ ግን ብዙ ይናገራል።

ዋሽንግተን አካባቢ መማር በሴሚስተር ውስጥ ኢንተርንሺፕ ለመሥራት ያመቻል፤ ፌዴራል ሪዘርቭ ቦርድ፣ ዓለም ባንክና አይኤምኤፍ፣ የፖሊሲ ጥናት ተቋማት በሜትሮ የሚደረሱ ናቸው። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። በሌላ ቦታ ላለ ኮሌጅ ግን «ኢንተርንሺፕ አለን» የሚለውን የብሮሹር ቃል አትቁጠሩት።

የተመራቂ ገቢ ለማየት የመንግሥቱ ኮሌጅ ስኮርካርድ በሜጀር ከፍሎ ያሳያል። ስታነቡት ሁለት ጥንቃቄ፦ ዳታው የፌዴራል እርዳታ የወሰዱትን ብቻ የሚያካትት ነው፣ ደግሞ ኒው ዮርክ የሚቀጠር ተመራቂ ከኦሃዮው የበለጠ ማግኘቱ የኮሌጁ ጥራት ላይሆን ይችላል። የአራት ዓመት የምረቃ መጠኑንም እዩ፤ ኮሌጆች የስድስት ዓመቱን ማስተዋወቅ ይወዳሉ። አምስተኛ ዓመት ማለት ሌላ 20,000 ወይም 30,000 ዶላርና ያልተገኘ የአንድ ዓመት ደመወዝ ነው። ይህ የታለፈ ዕድል ዋጋ የሚባለው ነው፤ በመግቢያ ማይክሮ የመጀመሪያ ሳምንት ትማሩታላችሁ።

6. የያዛችሁት ክሬዲት

ኤፒ (በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ኮርስና ፈተና) ማይክሮ፣ ማክሮና ካልኩለስ የወሰዳችሁ ከሆነ እያንዳንዱ ኮሌጅ ለ4 እና ለ5 ውጤት ምን እንደሚሰጥ ከድረ ገጹ አውጡ። አንዱ ስምንት ክሬዲት ሲሰጥ ሌላው ምንም አይሰጥም። አንድ ሴሚስተር የሚያሳጥር ከሆነ ከስኮላርሺፕ ጋር እኩል ዋጋ አለው። የካልኩለሱ ውጤት ደካማ ከሆነ ግን ዘሎ ወደ መካከለኛ ማይክሮ መግባት አይመከርም፤ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚያ ነው።

ቁጥሮቹ ሁሉ ከአቅም በላይ ከሆኑ የኮሚኒቲ ኮሌጅ መንገድ አለ። የሰሜን ቨርጂኒያው ኖቫ ከጆርጅ ሜሰን ጋር አድቫንስ የሚባል የተያያዘ ፕሮግራም አለው። በዚህ መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ካልኩለሱን እዚያው ጨርሱ፤ ያለ እሱ ስትዛወሩ አንድ ዓመት ይቃጠላል።

7. ከኢትዮጵያ በኤፍ 1 (የተማሪ) ቪዛ ለሚመጡ

የፌዴራል ግራንትም ብድርም የለም፤ ያላችሁ የኮሌጁ ስኮላርሺፕና የቤተሰብ ገንዘብ ነው። ወጪው በዶላር፣ የቤተሰብ ገቢ በብር ከሆነ የአራት ዓመቱን ስሌት በዛሬው ምንዛሬ ብቻ አትሥሩ። በጁላይ 2024 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ስሌቱን ከዛሬው 50 በመቶ ጨምራችሁም አንድ ጊዜ ሥሩት፤ እዚያ ላይ የሚፈርስ ዕቅድ ከሆነ ከፍ ያለ ስኮላርሺፕ ወዳለው ሂዱ።

ሁለተኛውና ብዙዎች የማያውቁት የሜጀሩ የመንግሥት ኮድ ነው። ከምረቃ በኋላ ኦፒቲ የሚባለው የሥራ ፈቃድ በአሜሪካ 12 ወር መሥራት ያስችላል። ሜጀሩ 45.0603 በሚለው ኮድ (ኢኮኖሜትሪክስና ቁጥራዊ ኢኮኖሚክስ) የተመዘገበ ከሆነ ስቴም (ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምሕንድስናና ሒሳብ) ስለሚባል ሌላ 24 ወር ማራዘም ይቻላል፤ በጠቅላላው 36። 45.0601 (አጠቃላይ ኢኮኖሚክስ) ከሆነ ማራዘሚያው የለም። ኮዱ የሚገኘው ኮሌጁ ለቪዛ በሚሰጣችሁ አይ 20 ወረቀት ላይ ነው፤ ከዲፖዚት (ቦታ ማስያዣ ክፍያ) በፊት ግን ለዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ጽፋችሁ ጠይቁ። አንድ ኮሌጅ ሁለት የኢኮኖሚክስ ሜጀር ቢኖረው አንዱ ስቴም ሌላው ያልሆነ ሊሆን ይችላል።

8. እስከ ሜይ 1

ሁለት ኮሌጅ ሲቀሩ ለሁለቱም ዲፓርትመንቶች አንድ ዓይነት ኢሜይል ላኩ፤ አምስት ጥያቄ ይበቃል፦ የመካከለኛ ማይክሮ ክፍል መጠን፣ የኢኮኖሜትሪክስ ግዴታ፣ ወደ ሜጀር መግቢያ ውጤት፣ ከፕሮፌሰር ጋር ምርምር የሚሠሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ብዛት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ (ቴሲስ) ይፈቀዳል ወይ። መልሱ የመጣበት ፍጥነትም ራሱ መረጃ ነው። ግቢውን ካያችሁ አስጎብኚውን ትታችሁ የሦስተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ፈልጋችሁ «ባለፈው ሴሚስተር ልትገባበት ፈልገህ ያልቻልከው ኮርስ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለማመልከቻ የከፈላችሁት፣ ለጉብኝት የወጣው፣ ለአንዱ ኮሌጅ የጻፋችሁት ስድስት ድርሰት ተመላሽ አይደለም። በምርጫው ውስጥ አይግባ።

ዲፖዚቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መቶ ዶላር ነው፤ አቅም ለሌለው ቤተሰብ የሚያነሱ አሉ፣ ጠይቁ። ለሁለት ኮሌጅ ዲፖዚት መክፈል ግን አይገባም፤ ቢታወቅ ሁለቱም ቅበላቸውን ሊሰርዙ ይችላሉ። ዌይትሊስት (የተጠባባቂዎች ዝርዝር) ላይ ካላችሁ አንድ ቦታ ከፍላችሁ መጠበቅ ትችላላችሁ፤ በኋላ ቢጠሯችሁ የመጀመሪያው ዲፖዚት ይቀራል፣ አዲሱ ኮሌጅ የሚሰጠውን እርዳታም በጽሑፍ ሳታዩ እሺ አትበሉ። ዲፖዚቱ እንደገባ ለቀሩት «አንመጣም» ብላችሁ አሳውቁ፤ ወንበሩን የሚጠብቅ ሌላ ልጅ አለ። ከዚያ የመኝታ ማመልከቻውን፣ የጤና ኢንሹራንስ ማስነሻውንና የመጨረሻውን ትራንስክሪፕት ቀናት በስልካችሁ ካሌንደር ላይ መዝግቡ።